ወንድሜ አረቄ ማቆም ይፈልጋል፤ ቤት ዘግተን እናስቁመው?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ገጠር ከእናታችን ጋር ይኖራል። እናታችን አረቄ አውጥታ ትሸጣለች። እሱ መጠጣት ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አያነሳም። አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ በቅበላ ማግስት በአንዴ አቆመ። በሁለተኛው ቀን ወድቆ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ነፍሳት ይታዩት ጀመር፣ የሞተ አባታችንንም ያነጋግር ነበር። መንፈስ ነው ብለን ወደ ጠበል ስንወስደው መንገድ ላይ ጠጣና ወዲያው ተሻለው። ዘንድሮ ራሱ ‹ከዚህ ጉድ አውጡኝ› ብሎናል። አንድ ሳምንት ቤት ዘግተንበት ብንጠብቀው ይበቃል? ጠበል ይሻላል ወይስ ሆስፒታል? የሆስፒታሉ መድኃኒት ራሱ ሱስ ያስይዛል ይላሉ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ሳያውቅ ወጥ ውስጥ የሚጨመር፣ መጠጥ የሚያስጠላ ኪኒን አለ አለችን።»

ምላሽ፦

ቤት አትዝጉበት። ነገ ጠዋት ተነስታችሁም አታስቁሙት። አምና መጠጥ አቁሞ የወደቀና የሌለ ነገር ያየ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ማቆም ያለበት ሆስፒታል ተኝቶ ብቻ ነው። አልጋ እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ፣ ለጆሮ ቢከብድም፣ እየለካችሁ ትሰጡታላችሁ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቤተሰብ ውስጥ ጠብ እንደሚያስነሳ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን ለሚጠራጠረው ዘመድ ጭምር እንዲያነቡለት ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

ወንድምዎን አምና የያዘው መንፈስ አይደለም፣ የሚጥል በሽታም አይደለም። ማስረጃውን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ መንገድ ላይ ሲጠጣ ተሻለው። አልኮል በአንጎል ውስጥ የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፣ የሚያነቃቃውን ግሉታሜት ደግሞ ይጫናል። ለዓመታት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ለማካካስ የማነቃቂያውን ኃይል ጨምሮ፣ የማረጋጊያውን ቀንሶ መሥራት ይለምዳል። በር ከውጭና ከውስጥ ሁለት ሰዎች ሲገፉት ቆይተው የውጭው ድንገት ሲለቅ የውስጡ ተንደርድሮ እንደሚወጣ ሁሉ፣ መጠጡ በአንዴ ሲቆም ያ የተከማቸ ማነቃቂያ ሃይ ባይ ያጣል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ፣ መውደቁና የሌለ ነገር ማየቱ ሁሉ ከዚያ ይመጣሉ።

ይህ ነገር የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱን ማወቅም ሕይወት ያድናል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና መቅበጥበጥ ይጀምራል። መውደቅና መንፈራገጥ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ከባድ መቃዠት፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ይነሳል፤ ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀን ይስታል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይወጣል፣ ግድግዳ ላይ የሚሄዱ ነፍሳት ያያል። ቀድሞ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ከታማሚዎቹ እስከ ሲሶ የሚደርሱትን ይገድል ነበር። ዛሬ በወቅቱ ሲታከም የሚሞተው ከ100 ሰው ከ5 በታች ነው። አምና ወንድምዎ የተረፈው መንገድ ላይ ስለጠጣ ነው።

ሌላው ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር፣ እያንዳንዱ ድንገተኛ ማቆም የሚቀጥለውን ያከብደዋል። አንጎል አንዴ ከተቀጣጠለ በኋላ በቀላሉ መቀጣጠል ይለምዳል። በየጾሙ እያቆመ በየፋሲካው የሚመለስ ሰው በመጀመሪያው ዓመት እጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ በሌላው ይወድቃል፣ ከዚያ ይቃዣል። ስለዚህ «አምና ችሎታል፣ ዘንድሮም ይችለዋል» የሚለው ስሌት የተገላቢጦሽ ነው። ጾሙ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን በቅበላ ሰሞን ከወትሮው አብዝቶ ጠጥቶ በማግስቱ መጠጡንም ምግቡንም በአንድ ላይ መተው ከሁሉም የከፋ የማቆሚያ መንገድ ነው። የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ጾሙን ማቅለል ይችላል። ቄሱን ከሕክምናው በፊት አነጋግሯቸው፤ በቃለ መሐላ ወይም በግዝት ከማሰር ግን ለአሁኑ ይታቀቡ። የተገዘተ ሰው በ2ኛው ቀን ሊሞት ሲል አንድ መለኪያ ቢቀምስ ከሕመሙ በላይ ኀፍረቱ ይገድለዋል፣ ለእናንተም አይነግራችሁም።

መጠኑንም እንየው። የቤት አረቄ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ተራው ከ30 በመቶ በላይ አልኮል ሲኖረው፣ ዳግም የተባለው ሁለት ጊዜ የወጣው 45 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በ40 በመቶ ብናሰላው ግማሽ ሊትር አረቄ 158 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። አንድ ጠርሙስ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ወንድምዎ በየቀኑ 12 ቢራ እንደሚጠጣ ሰው ቁጠሩት። «ለብርዱ ነው እንጂ ብዙ አይጠጣም» የሚለው የደጋ ሰው ወግ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ለነገሩ አረቄ ብርድን አይከላከልም፤ የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ሰውየው የሚሰማው ሙቀት እየጠፋበት ያለው ሙቀት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። አልጋ እስክታገኙ ያለውን ጊዜ እንዲህ ተጠቀሙበት። ከአንድ ቤት የወጣ፣ ኃይሉ የማይለዋወጥ አረቄ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቀድታችሁ የቀኑን ድርሻ ለዩ። ጠርሙሱን የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፤ እሱ ራሱ አይያዘው። ድርሻውን ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ በቀን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ፣ ማታም ሊተኛ ሲል ከፋፍላችሁ ስጡት። በአንድ ጊዜ አይጠጣው፣ ረጅም ሰዓትም ባዶውን አይቆይ። የምትጠብቁት ጥቂት ቀን ከሆነ ምንም አትቀንሱ። ወረፋው ከረዘመ በየ4 ቀኑ ከአንድ አሥረኛ ባልበለጠ ቀንሱ፤ ይህም ለእሱ 50 ሚሊ ሊትር ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ካላበው አብዝታችሁ ቀንሳችኋልና ወደ ቀድሞው መጠን መልሱት። ሰክሮ ከታየ የሚቀጥለውን ዝለሉ። አረቄውን በጠላ እንተካለት የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ጠላ ደካማ በመሆኑ ይህን መጠን ለመተካት ወደ 5 ሊትር ሊያስፈልግ ይችላል፣ ኃይሉም በየጋኑ ስለሚለያይ ስሌቱ ይጠፋባችኋል። በዚህ መንገድ ብቻ ሙሉ በሙሉ አስቆማለሁ ብላችሁ ግን አትጀምሩ። ይህ ማቆያ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ሊሰጡት የሚችሉት አንድ መድኃኒት አለ፤ ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም። አልኮል ታያሚን ከአንጀት እንዳይገባ ያግዳል፣ አረቄ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ምግብ አይበላም። ታያሚን ያለቀበት አንጎል ቬርኒኬ በሚባል ሕመም ይጎዳል፤ ዐይን ይወናበዳል፣ እግር እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ሐሳብ ይደነጋገራል። ሳይታከም ከታለፈ የማስታወስ ችሎታ ለዘለዓለም ይጠፋል። የተለመደው የቢ ኮምፕሌክስ ኪኒን በአንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው ቢ1 ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ ፋርማሲ ስትገዙ በጀርባው የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ምግብ በትንሽ በትንሹ ግን ደጋግማችሁ፦ በሶ፣ የገብስ አጥሚት፣ ሽሮ፣ ምስር። ውሃም እንዲሁ።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪውን ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ድንገተኛ ሲሆን ግን ወረቀት አትጠብቁ። ሪፈሩ ላይ ሦስት ነገር እንዲሰፍር ጠይቁ፦ በቀን የሚጠጣው መጠን፣ አምና ሲያቆም መውደቁና መቃዠቱ፣ የመጨረሻውን የጠጣበት ሰዓት። እነዚህ ካልተጻፉ ተቀባዩ ሐኪም የሚያየው አረቄ አረቄ የሚሸት ሰው ብቻ ነው፣ «ስካሩ ሲበርድለት አምጡት» ተብላችሁ ልትመለሱም ትችላላችሁ። አደጋው ግን የሚጀምረው ስካሩ ሲበርድ ነው። በዚያ ጠዋት የተለመደውን የመጀመሪያ ድርሻ ጠጥቶ ይውጣ፤ የቀረውን አስታማሚው ይያዝ። ባዶውን አሳድራችሁት፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ ከዋለ የሚወድቀው ሰልፉ ላይ ነው።

ለእናንተ ቅርቡ የደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ እንዲህ ያለ ታማሚ በውስጥ ደዌ ክፍል ሊተኛ ይችላል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉም ይከታተለዋል። ከመንዝ የሚነሳ አንባቢ ከመሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከመርሐ ቤቴ የሚነሳም ዓለም ከተማ ካለው እናት ሆስፒታል ሊጀምር ይችላል። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ 130 ኪሎ ሜትሩን መጓዝ የሚያስፈልገው ግን እዚህ አልጋ ከታጣ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አብሮ ከተገኘ ነው። ይህን ሕመም ለማዳን የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ የለም፤ የሚያስፈልገው ሌሊት ሌሊት እየተነሳ የሚያይ ነርስና በሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ዲያዜፓም ነው። አልኮሉ ሲሠራው የነበረውን የማረጋጋት ሥራ ተክቶ ይሠራል፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። የተለመደው አጀማመር በአፍ በቀን እስከ 40 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊ ግራም 4 ጊዜ ነው፤ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እየተቀነሰ ይቆማል። እንደ ወንድምዎ መቃዠት የደረሰበት ሰው ከዚህ በላይ በደም ሥር ሊያስፈልገው ይችላል። ጉበቱ የተጎዳ፣ ዕድሜው የገፋ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ያነሰ ይሰጠዋል፤ ለጉበት ሕመምተኛ ሎራዜፓም የተባለው ይመረጣል። ቁጥሩን የጻፍኩት ሐኪሙ የሚያደርገውን እንድታውቁ እንጂ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንድትሰጡት አይደለም። ዲያዜፓም በላዩ ላይ አረቄ ከተጠጣበት ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

አስታማሚው በትሕትና ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ወይም ቢያንስ አብሮት ታያሚን በመርፌ መሰጠቱን። ታያሚን ያለቀበት ሰው ግሉኮስ ብቻውን ሲገባለት የቀረችውን ታያሚን አሟጥጦ ቬርኒኬን ሊቀሰቅስ ይችላል። የስኳር መጠኑ በጣም ወርዶ ከተገኘ ግን ታያሚን እስኪመጣ ተብሎ ግሉኮስ አይዘገይም። ሁለተኛው፣ ሲቃዥና ሲጮህ «የሚያስተኛ መርፌ» ብቻውን እንዳይሰጠው ነው። ክሎርፕሮማዚን የመሰሉት የአእምሮ ሕመም መርፌዎች መውደቅን ያቀርባሉ። ሃሎፔሪዶል የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ግን ከዲያዜፓም ጋር ነው።

አምና ስለወደቀ አንድ ሰው ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን ለዓመታት እንዲወስድ ሊነግራችሁ ይችላል። መውደቁ መጠጥ ባቆመበት ሁለት ቀን ውስጥ ብቻ ከሆነ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በቋሚነት አያስፈልገውም፤ ፌኖባርቢታል ላይ እየጠጣ ከቀጠለም አደገኛ ነው። ልዩነት የሚያመጣው እየጠጣ በነበረበት ወቅት ከወደቀ፣ አንድ ወገን ሰውነቱ ከደከመ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ ነው። ሰካራም ብዙ ጊዜ ይወድቃል፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደምም ለሳምንታት ተደብቆ ይቆያል፤ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት።

መንገድ ላይ ወይም ቤት ቢወድቅ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ ማንኪያ አፉ ውስጥ አታስገቡ፣ እጅ እግሩን ጨብጣችሁ አትያዙ። ድንጋይና እሳት ካለበት አርቁት፣ አንገቱ ላይ ያለውን ፍቱለት፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውሃም አረቄም በአፉ አይግባ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው የወረዳውን አምቡላንስ ጥሩ። ደም ካስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ዐይኑ ከቢጫ ወይም ትኩሳት ይዞት ከተደናገረ ደግሞ ሳይወድቅም ቢሆን በዚያው ሰዓት ይሂድ።

ወደ ጠበሉ ጥያቄ ስመጣ፣ ጠበልን ከሆስፒታል ጋር ማወዳደር አስፈላጊ አይደለም፤ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው ያለው። ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ወስዳችሁት በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ ቢወድቅ የሚደርስለት መድኃኒት በእጃችሁ የለም። በባዶ ሆድ ብዙ ውሃ መጠጣትና ማስታወክ የደሙን ጨው ያዛባል፣ ይህም መንፈራገጥን ይጠራል። ቅዝቃዜውም የደከመ ሰው አይችለውም። ሲቃዥ የሚናገረውን መንፈሱ ለፈለፈ ብሎ ማሰርና መግረፍ ደግሞ ትኩሳቱን እያባሰ ሰው ይገድላል። ከሆስፒታል ወጥቶ 10 ቀን ያህል ከሆነው በኋላ ግን ይሂድ። ሱባኤው፣ ከመጠጥ ቤት መራቁ፣ አብረውት የሚጸልዩ ሰዎች መኖራቸው በሕክምና የማይገኝ ኃይል አላቸው፤ እኔም ታማሚ ይህን እንዲተው አልመክርም። የታዘዘለትን ኪኒን ግን ይዞ ይሂድ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል፤ ለዚህም ሕመም ነገሩ ያው ነው።

«መድኃኒቱ ሱስ ነው» የሚሉት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዲያዜፓም ለወራት ከተወሰደ በእርግጥ ሱስ ያስይዛል። በሳምንት ውስጥ ተቀንሶ ሲያልቅ አያስይዝም። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀሪ ኪኒን ከታዘዘለት ስትሪፑን እርስዎ ይያዙ፣ የቀኑን ብቻ ይስጡት፣ ሲያልቅ «እንቅልፍ እምቢ አለው» ብለው ዳግም አይግዙ። እንቅልፍ ለሳምንታት ሊዛባ ይችላል፤ ይህ ይጠበቃል፣ ያልፋልም።

የጎረቤትዎ ኪኒን ዳይሰልፊራም፣ በንግድ ስሙ አንታቡስ ነው። መጠጥን አያስጠላም። አልኮል በጉበት ሲፈጭ የሚወጣው አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዝ እንዳይወገድ ያግዳል፤ ኪኒኑን የወሰደ ሰው ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ይተፋል፣ ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ሥራው ከመጨረሻው ኪኒን በኋላም እስከ 2 ሳምንት ይቆያል። አውቆና ፈርሞ፣ ካቆመ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ፣ ሰው እያየው የሚውጠው ሰው ይጠቀምበታል። በየቀኑ ግማሽ ሊትር አረቄ ለሚጠጣ ሰው ወጥ ውስጥ ደብቆ መስጠት ግን መመረዝ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ቢተርፍ እንኳ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ የቀረበለትን ምግብ በሰላም አይበላም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ክፍል። ሳምንቱ ሲያልቅ ወንድምዎ አልዳነም፤ ከመሞት ተረፈ እንጂ። መርዙ ከሰውነቱ ወጥቷል፣ ልማዱና አምሮቱ ግን ቦታቸው ናቸው፤ ከሁሉም የሚያሰጋው የመጀመሪያው 3 ወር ነው። ከሆስፒታል ሳይወጣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቀጠሮ ይያዝለት፤ መጀመሪያ በሳምንት፣ ከዚያ በየ2 ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ናልትሬክሶን በቀን 50 ሚሊ ግራም የመጠጡን ደስታ ይቀንሳል፣ አካምፕሮሴት ደግሞ አምሮቱን ያበርዳል። ሁለቱም በየፋርማሲው አይገኙም፤ ሐኪሙ ካዘዛቸው በአዲስ አበባ ማፈላለግ ሊኖርባችሁ ይችላል። ናልትሬክሶን የሚወስድ ሰው ለወገብም ለጥርስም ብሎ ትራማዶል እንዳይውጥ፤ ትራማዶል ብቻውንም መውደቅን ያቀርባል። ድብርት ይኖረዋል። ከ3 እና 4 ሳምንት በኋላም ካልለቀቀው ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ይታከም። በዚያ ጊዜ የእህል ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከሆነ ከእጁ አርቁት።

ይህን ሁሉ የሚያከብደው የእናትዎ አረቄ ነው። «ሥራዎን ይተዉ» ማለት ለአማካሪ ይቀላል፤ ቤቱ የሚተዳደረው ግን በዚያ ነው። አረቄ በሚወጣበት ቀን ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ሦስት ሳምንት ያልሞላው ሰው እዚያው ተቀምጦ እንዲችል መጠበቅ ደግሞ ጭካኔ ነው። የእኔ ምክር፣ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሌላ ዘመድ ቤት፣ የሚቻል ከሆነ ወደ እርስዎ ዘንድ ይምጣና 3 ወር ይቆይ። እናትዎ በዚህ ጊዜ በመለኪያ ቤት ውስጥ መቸርቸሩን ትተው በጀሪካን ለነጋዴ ማስረከብ ይቻላቸው እንደሆነ ተነጋገሩ፤ ትርፉ ያንሳል፣ ጠጪ ግን ቤት አይውልም። ማውጫው ጎረቤት ቢዛወር ደግሞ የተሻለ ነው። ይህ ሁሉ ካልተቻለና ወንድምዎ ወደዚያው ቤት ከተመለሰ፣ የምንሞክረው ሕክምና የመያዝ ዕድሉ እንደሚቀንስ ከወዲሁ ይወቁት።

ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ዝክሩ፣ ደቦው ሌላ ፈተና ነው። በእኛ አገር «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ ቅመስልኝ» የተባለ ሰው እምቢ ማለት ነውር ይመስለዋል። ወንድምዎ «ሐኪም ከልክሎኛል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ» የምትል አጭር ቃል ይያዝ፤ ክርክር ውስጥ አይግባ። የማኅበሩን ሙሴ ወይም የሰንበቴውን አለቃ እርስዎ ቀድመው ያነጋግሩ፣ ለእሱ ሻይ ወይም በዚያው ቀን የተበጠበጠ ብርዝ ይቀመጥለት። ብርዝ ካደረ ይፈላል። ቅራሪም ቀጭን ቢሆን ጠላ ነውና አይሆንለትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ብልህነቱ አለመሄድ ነው።

ተመልሶ ከጠጣ አትደብቁት፣ እሱም አይደብቃችሁ። አንድ ቀን ቀምሶ ከሆነ በማግስቱ አቁሞ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ክሊኒኩን ያግኝ። በተከታታይ ለቀናት ከጠጣና ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጡ ከተመለሰ ደግሞ እንደገና በራሱ ማቆም የለበትም፤ ያው መንገድ፣ ያው ሪፈር፣ ያው አልጋ ነው። ለወራት ያልጠጣ ሰውነት የቀድሞውን ግማሽ ሊትር እንደማይችልም ይንገሩት፤ በዚያ መጠን ከጀመረ ትንፋሹ ሊቆም ወይም ሲተፋ ሊታነቅ ይችላልና ሰክሮ ከተኛ በጀርባው አታስተኙት፣ ብቻውንም አትተዉት።